ከጋዝ ሲሊንደር የሠራሁት የእንጨት ምድጃ በጓሮዬ ጎጆ፦ ከ14 ወር በኋላ

ምድጃውን ለመሥራት አራት ቅዳሜ በቃኝ። ጎጆዋ ውስጥ በደህና ለመትከል ግን ወራት ፈጀብኝ፤ ያውም የመጀመሪያውን ተከላ ሙሉ በሙሉ አፍርሼ። ስለዚህ ርዕሱ የምድጃ ግምገማ ቢመስልም፣ ከግማሽ በላይ የማወራው ስለ ቱቦው፣ ስለ ግድግዳው፣ ስለ አየሩና ስለ እንጨቱ ነው። በእጁ ምድጃ የሠራ ሰው የመጀመሪያውን እሳት ፎቶ አንስቶ ያሳያል፤ ከዓመት በኋላ ያ ምድጃ የት እንደደረሰ የሚነግረን ግን እምብዛም ነው። እኔም ከመጀመሬ በፊት የፈለግሁት ያንን ነበር፤ አጣሁት።

ጎጆዋ 3 በ4 ሜትር ናት። ግድግዳዋ ጣውላ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ሥር የጣውላ ኮርኒስ አላት። የእንጨት ሥራ ስለምሠራባት ሰጋቱራው፣ ቁርጥራጩ፣ ቫርኒሹ፣ ቀለም ማቅጠኛው ሁሉ እዚያው ነበር። እሳትና ጭድን በአንድ ጣሪያ ሥር ላኖር ተነሳሁ ማለት ነው። በብርዱ ወራት ጣቴ እየደነዘዘ መጋዝ መያዝ አቃተኝ፣ ሙጫውም በቅዝቃዜ አልይዝ አለኝ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሲሊንደሩ

አካሉ አሮጌ የጋዝ ሲሊንደር ነው፦ የወርዱ ዲያሜትር 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የላሜራው ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር። አቁሜ ነው የሠራሁት፤ በር ከፊት፣ የአመድ መሳቢያ ከሥር፣ 125 ሚሊ ሜትር የቱቦ አንገት ከላይ። እግሮቹ ከወለል 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያደርጉታል።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረት ሲቆርጡና ሲበይዱ የኖሩ ጎረቤት አሉኝ። ሲሊንደሩንና ግራይንደሬን ይዤ ስገባ አይተው፣ "ልጄ፣ ጋዝ አለው?" አሉኝ።

"ኧረ ባዶ ነው ጋሼ፤ ቫልቩን ከፍቼ ነው ያሳደርኩት።"

"ሰው የሚገድለውማ ባዶ ነው የተባለው ነው" ብለው ግራይንደሩን ከእጄ ወሰዱት።

እውነታቸውን ነው። ሙሉ ሲሊንደር ውስጥ አየር የለም፤ ባዶ በተባለው ውስጥ ግን የቀረ ጋዝና የገባ አየር ተደባልቀው አንዲት ብልጭታ ይጠብቃሉ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ቫልቭ በመክፈት ብቻ ተንኖ አያልቅም። ቫልቩን ፈትተን አወጣን፣ እስከ አፉ ውሃ ሞላነው፣ ደፍተን እንደገና ሞላነው። የመጀመሪያውን ቁራጭ ውሃው ውስጡ እንዳለ በእጅ መጋዝ ቆረጥን፤ ውሃና የኤሌክትሪክ ግራይንደር አይገናኙማ። ግማሽ ቀን ሄደብን። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ካለ የቀረውን ጽሑፍ ባያነብም ይሻለዋል።

ሁለት ነገር ደግሞ ከእሳቸው ተማርኩ። አንደኛው፣ ከውስጥም ከውጭም ያለው ቀለም እስኪቃጠል ድረስ ምድጃው ደጅ ላይ ሦስት ጊዜ ይነድዳል፤ የመጀመሪያው ጭስ አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ አይን ያቃጥል ነበር፣ ሦስተኛው ላይ ጠራ። ሁለተኛው፣ ዚንክ የተለበጠ ቱቦ ከምድጃ አንገት ላይ አይገጠምም። ዚንክ በ419 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ከዚያ በላይ ሲግል ጢሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል፤ በያጆች በደንብ ያውቁታል። ቤት ውስጥ የቀረኝ የሚያብረቀርቅ ቱቦ ነበርና ቆጨኝ፤ ግን ተውኩት።

ግድግዳው ላይ የሠራሁት ስህተት

የመጀመሪያው ተከላዬ እንዲህ ነበር፦ ከምድጃው አናት ነጠላ ላሜራ ቱቦ ይወጣል፣ በክርን ይታጠፋል፣ የኋላውን ግድግዳ አልፎ ደጅ ይወጣና ሽቅብ ይሄዳል። ጣሪያ መብሳት ፈርቼ ነው፤ ዝናብ ይገባል ብዬ። ጣውላው ላይ ከቱቦው በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ቀዳዳ ከፈትኩ፣ ክፍተቱን በሮክ ዉል (ከድንጋይ በሚሠራ ጥጥ መሰል የሙቀት መከላከያ) ጠቅጥቄ ሞላሁት፣ በሁለቱም በኩል በላሜራ ከድኜ በቪቴ ቆለፍኩት። ሲያዩት ያምራል። ሮክ ዉል እንደማይቃጠል አውቃለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ሊያስፈልግ?

ስድስት ሳምንት ሠራ። አንድ ምሽት ባለቤቴ ልትጠራኝ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመችና፣ "ምን ተቃጥሎብህ ነው እዚህ?" አለችኝ። እኔ ምንም አልሸተተኝም። ለካ ሽታው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ስለመጣ አፍንጫዬ ለምዶታል። ከላሜራው ክዳን አንድ ስንዝር ራቅ አድርጌ ጣውላውን በመዳፌ ነካሁት፤ ይፋጃል። ፍሙን በአካፋ ዝቄ በብረት ባልዲ አወጣሁ፣ ሌሊቱን ከዚያች ጎጆ ሳልርቅ አነጋሁ፣ ጠዋት ክዳኑን ፈታሁት።

ሮክ ዉሉ እንዳለ ነው፤ ትንሽ ጠቆር ብሏል። የጣውላው ከንፈር ግን ዙሪያውን ከሰል ሆኗል። ከቀዳዳው እየራቀ ሲሄድ ጥቁሩ ቡናማ ይሆናል፣ ቡናማው ይገረጣል፣ ከአራት ጣት በኋላ መደበኛው የጣውላ መልክ ይመጣል። በጥፍሬ ስጭረው እንደ ደረቀ ቅርፊት ተፈረፈረ። በቢላ ጫፍ ስለካው ከሰሉ አንድ ቦታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ገብቷል። እሳት ካየው ምን ለየው የሚሉት እንዲህ ያለውን ጣውላ ሳይሆን አይቀርም።

ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሮክ ዉል ሙቀትን ያዘገያል እንጂ አያስቀረውም። እሳቱ ለአንድ ሰዓት ብቻ ቢነድ ኖሮ ሙቀቱ ጣውላው ጋ ሳይደርስ ቱቦው ይቀዘቅዝ ነበር፤ እኔ ግን በቀን ስድስትና ሰባት ሰዓት አነድ ነበር። ያንን ክፍተት ጠቅጥቄ ስሞላው ደግሞ ዙሪያውን እየዞረ ሊያቀዘቅዘው የሚችለውን አየር ከለከልኩት። እንጨት በቶሎ ለመቀጣጠል ከ250 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ለሳምንታትና ለወራት ሲጠበስ ግን ቀስ እያለ ወደ ከሰልነት ይለወጣል፣ የሚቀጣጠልበትም ሙቀት እየወረደ ይሄዳል። ስለዚህ ዘንድሮ ምንም ያልሆነ ተከላ፣ እዚያው ላይ፣ በዚያው መጠን እሳት፣ በሚቀጥለው ዓመት ሊነድ ይችላል። "እኔ ሁለት ዓመት ተጠቅሜ ምንም አልሆንኩም" የሚል ምስክርነት ከዚያ ቀን ወዲህ አያረካኝም። ክዳኑን ፈትተህ አይተሃል ወይ ነው የምለው።

እንደገና፣ በጣሪያ በኩል

ሁለተኛው ተከላ ቀጥ ያለ ነው። ከምድጃው ተነስቶ ከኮርኒሱ 50 ሴንቲ ሜትር እስኪቀረው ድረስ ነጠላ ቱቦ፣ ከዚያ በላይ ድርብ ግድግዳ ያለውና በመሀሉ የሙቀት መከላከያ የተሞላ የስቴንለስ ቱቦ። ድርቡን በእጄ ልሠራው አልሞከርኩም፤ ከጠቅላላው ሥራ ገዝቼ የገጠምኩት ዋናው ነገር እሱ ነው፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር እሱን ግዙ። አምራቹ ከእንጨት 5 ሴንቲ ሜትር ይራቅ ብሏል። ይህ 5 ሴንቲ ሜትር ባዶ አየር ነው፤ በምንም አይሞላም። የግድግዳውን ታሪክ ካነበባችሁ ለምን እንደሆነ ገብቷችኋል።

የቱቦው ክብደት ምድጃው ላይ አላረፈም፤ በብረት መያዣ የጣሪያውን እንጨት ይዟል። አንድ ሜትር ብረት በ300 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ተኩል ይረዝማል። ከላይም ከታችም ቀፍድዳችሁ ብታስሩት አንዱ ቦታ ይሰነጠቃል። የእኔ የመጀመሪያው ተከላ አንገቱ ላይ በእሳት ሲሚንቶ የተደፈነ ነበርና በሁለተኛው ሳምንት ተሰንጥቆ በስንጥቁ የእሳት ብርሃን ይታይ ነበር። አሁን በፋይበር ግላስ ገመድ ጠምጥሜ፣ ላዩን ብቻ በስሱ ሲሚንቶ ለቀለቅሁት፤ ቱቦው እንደልቡ ይንቀሳቀሳል፣ ጭስ አያወጣም።

የመገጣጠሚያዎቹ አቅጣጫ ብዙ ሰው የሚገለብጠው ነገር ነው። ወንዴው ጫፍ፣ ማለትም ሌላው ቱቦ ውስጥ የሚገባው፣ ወደ ታች፣ ወደ ምድጃው መሆን አለበት። ሲያዩት ጭሱ የሚያመልጥ ይመስላል፤ ቱቦው ከሳበ አያመልጥም። ተገልብጦ ከተገጠመ ግን በውስጥ የሚወርደው ቅጥራን በየመገጣጠሚያው ይንጠባጠባል። እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በሦስት ቪቴ አሰርኩ።

ከጣሪያው በላይ የወጣው ቁመት፦ ቱቦው ከቆርቆሮው ከሚወጣበት ነጥብ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ከማንኛውም የጣሪያ ክፍል ደግሞ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር። ይህን ሳሟላ ቱቦው ከጎጆዋ ጋር የማይመጣጠን ሆኖ ታየኝና ላሳጥረው አስቤ ነበር። ነፋስ በበዛበት ቀን ጭሱ ወደ ታች ሳይመለስ ሲሄድ አይቼ ተውኩት። ዝናቡ? አንዴ አስገባ። ቱቦው ከቆርቆሮው በሚወጣበት ዙሪያ ያለውን የጎማ ዝናብ መከላከያ፣ የላይኛውን ጠርዝ ከቆርቆሮው ላይ ጥዬው ስለነበር ነው፤ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር ሳስገባው ቆመ።

ርቀትና መከለያ

በእጅ የተሠራ ምድጃ በፋብሪካ ተፈትኖ "ይህን ያህል ይራቅ" የሚል ሰሌዳ አልተለጠፈበትም። ስለዚህ ትልቁን ርቀት መውሰድ ግድ ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የሚሠራበት ኤንኤፍፒኤ 211 የተባለው ደረጃ ላልተፈተነ ምድጃ ከሚቃጠል ነገር 91 ሴንቲ ሜትር፣ ለነጠላ ቱቦ ደግሞ 46 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል። በ3 በ4 ክፍል ውስጥ 91 ሴንቲ ሜትር በየአቅጣጫው ተዉ ማለት ምድጃውን መሀል ላይ አቁማችሁ እናንተ ጥግ ሂዱ ማለት ነው። ያው ደረጃ ግን ከግድግዳው 25 ሚሊ ሜትር ያህል ተነጥሎ የቆመ የላሜራ መከለያ ካለ የግድግዳውን ርቀት እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ እንዲቀነስ ይፈቅዳል። ሥራውን የሚሠራው ከጀርባው ያለው የአየር ክፍተት ነው፤ ከታች ቀዝቃዛ አየር ይገባል፣ ሞቆ በላይ ይወጣል። ላሜራውን ግድግዳው ላይ አጣብቆ የመታ ሰው ግድግዳውን አስጊጦታል እንጂ አልከለለውም።

እኔ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ አቆምኩ። መከለያውን ከግድግዳው ያራቅሁት በአጫጭር የብረት ቱቦ ቁርጥራጭ ነው፤ ከሥርም ከላይም ክፍት ነው፤ ቪቴዎቹ በቀጥታ ከምድጃው ፊት ለፊት እንዳይውሉ ወደ ጠርዝ ወሰድኳቸው። ሙቀቱን በሌዘር ቴርሞሜትር ስለካ የመጀመሪያው ቀን 45 ዲግሪ ብቻ አነበበልኝና ተደሰትኩ። ደስታው የቆየው በእጄ እስክነካው ነበር። የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ይህ መሣሪያ በጣም ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነበው። መከለያው ላይ የሳንቲም ያህል ጥቁር ነጥብ ቀብቼ እዚያ ላይ ስለካ 130 ሆነ። ከጀርባው ያለው ጣውላ ግን 38 ነበር፤ ከአምስት ሰዓት እሳት በኋላም ከ42 አላለፈም። አሁን በየወሩ እዚያችው ነጥብ ላይ እለካለሁ።

ወለሉ ላይ የሲሚንቶ ንጣፍ አለ፤ ከበሩ ፊት 45 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ይበቃል ወይ ብዬ ነበር። ንጣፉ ላይ ያሉትን የፍም ጠባሳዎች ስቆጥር ሁለቱ ከጠርዙ አራት ጣት ሲቀራቸው ነው ያረፉት፤ ድጋሚ ብሠራው 60 አደርገዋለሁ።

ደወሉ የጮኸ ቀን

የካርቦን ሞኖክሳይድ (ከእሳት የሚወጣ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ) ደወል የገዛሁት ሰው ስለገፋፋኝ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሰዓት ያልተለየ ጌጥ ነበር።

በዘጠነኛው ወር፣ ብርዱ ሲለቅ፣ አንድ ጠዋት እሳት አነደድኩ። ረፋዱ ላይ ደጁ ሞቅ አለ፤ ደመና አለ፣ ነፋስ የለም። እንጨቱ ወደ ፍም ወርዶ ነበርና ሙቀት በቃኝ ብዬ የምድጃውን አየር ማስገቢያ ዘጋሁት። ከዚያ ጣውላ መላግ ጀመርኩና የሰጋቱራ መምጠጫውን አስነሳሁ። ይህ መምጠጫ የክፍሉን አየር በግድግዳ በኩል ወደ ደጅ ነው የሚተፋው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ደወሉ ጮኸ፤ ሰሌዳው 118 ፒፒኤም ይላል፤ በሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ 118 እጅ ጋዝ ማለት ነው። መጀመሪያ የመሰለኝ ባትሪው ነው። ጭስ የለም፣ የሚሸት ነገር የለም፤ ግንባሬን ግን ትንሽ ይዞኛል፣ እሱንም በማሽኑ ጩኸት አሳብቤ ነበር። በሩን በርግጄ ወጣሁ።

ደጅ ቆሜ ሳስበው ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ጭስ ማውጫ የሚስበው ውስጡ ያለው አየር ከውጭው በጣም ስለሚሞቅ ነው። የእኔ ፍም ደከመ፣ ደጁ ሞቀ፣ ልዩነቱ ጠበበ። በዚያ ላይ መምጠጫው ከክፍሉ አየር ሲያወጣ ምትኩ ከሆነ ቦታ መግባት ነበረበት፣ ቀላሉን መንገድ አገኘ፦ በቱቦው ወደ ታች። ፍም ደግሞ ከነበልባል ይልቅ ይህን ጋዝ በብዛት ይሰጣል፣ ያውም ያለ ጭስ። ሰው ጭሱ ሲያልቅ ነው አደጋው ያለፈ የሚመስለው። ጋዙ ከደም ጋር ለመጣበቅ ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ ይቀናዋል፤ ለዚህ ነው ጥቂቱ የሚበቃው። በአውሮፓ ደረጃ የተሠራ ደወል 50 ፒፒኤም ላይ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ፣ 100 ላይ ከ10 እስከ 40 ደቂቃ፣ 300 ላይ በ3 ደቂቃ ውስጥ መጮህ አለበት፤ የእኔ በጊዜው ጮኸ።

የመተኪያ አየር ቀዳዳ አልሠራህም ወይ ትሉኛላችሁ። ሠርቻለሁ፤ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር፣ ከግድግዳው ግርጌ፣ ክዳን የሌለው። ነፍሳት እንዳይገቡ ብዬ ግን በቀጭን የወንፊት ሽቦ ከልዬው ነበር። ሄጄ ሳየው ሽቦው አይታይም፤ በሰጋቱራ ተደፍኖ ብርድ ልብስ መስሏል። ለወራት ተዘግቶ ነበር ማለት ነው፣ እኔ ሠርቻለሁ ብዬ ስኮራ። አሁን ሽቦው ጣት የሚያሳልፍ ነው፣ በየሳምንቱም በብሩሽ ይጠረጋል። እሳት ባለበት መምጠጫው አይነሳም፤ እሳት ሲኖር መምጠጫውን በራሱ የሚከለክል ነገር ስለሌለ መምጠጫው ማብሪያ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬያለሁ። ሁለተኛ ደወልም ጨመርኩ። እዚያች ጎጆ ውስጥ ማንም አይተኛም፤ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን።

ምድጃው ራሱ ምን ሆነ

ለጎጆዋ በዝቷል። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት አለው። በሰዓት ኪሎ ተኩል ሳነድ፣ ግማሹ በቱቦ ሄደ ቢባል እንኳ 3 ኪሎ ዋት ይቀርልኛል፤ ለ12 ካሬ ሜትር ይህ መጥበሻ ነው። ስለዚህ ምን አደረግሁ? እንደ ሁሉም ሰው አየሩን ዘጋሁ። አየር ያጠረው እሳት ደግሞ ያጨሳል፣ ጭሱ ቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ቅጥራን ይሆናል። በሁለተኛው ወር ቱቦውን ስጠርግ ከታች ያለው ክፍል ደረቅ ጥላሸት ነበር፤ ላይኛው ሜትር ግን እንደ ቫርኒሽ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነገር ተለስኖበት ብሩሹ ተንሸራተተበት። ያ የሚነድ ነገር ነው። ቱቦ ውስጥ ሲቀጣጠል ሙቀቱ ከ1000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል።

መፍትሔው እሳቱን ማነቅ ሳይሆን ማሳነስ ሆነ። የውስጡን ወለልና ጎን በእሳት ጡብ ሸፈንኩ፤ ቦታው ጠበበ፣ ብረቱም በቀጥታ ነበልባል ከመብላት ዳነ። አሁን ትንሽ እንጨት ነው የማስገባው፣ ግን በደማቁ ነው የሚነደው። ቱቦው ላይ ማግኔት ያለው ቴርሞሜትር ለጥፌያለሁ፤ ከ115 በታች ሲወርድ ቅጥራን እየሠራሁ ነው፣ ከ245 ሲያልፍ ሙቀቱን ለሰማይ እየሰጠሁ ነው። ከአነዳደድም አንድ ነገር ቀየርኩ፦ ወፍራሙን ከሥር፣ ቀጭኑን ከላይ፣ ክብሪቱን ከአናቱ። ከላይ ወደ ታች ሲነድ ቱቦው ቶሎ ይሞቃል፣ የመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃዎች ጭስ ግማሽ እንኳ አይሆንም።

እንጨቱ ራሱ እንዳይረሳ። ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ እስከ ግማሽ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ ያ ውሃ ተንኖ እስኪወጣ እሳቱን ያቀዘቅዘዋል። የእርጥበት መለኪያ ገዛሁና ከውጭ ስለካው የደረስኩት ሁሉ ደረቅ ነው አለኝ። ፈልጬ በአዲሱ ፊት ላይ ስለካው ግን 31 በመቶ ሆነ። ከ20 በታች ካልሆነ አሁን አላስገባም። ቀለም የተቀባ፣ ቫርኒሽ የነካው፣ በመድኃኒት የታከመ ቁርጥራጭ ጨርሶ አይገባም፤ የእንጨት ሠራተኛ ፈተናው ይህ ነው፣ ቁርጥራጩ እግሩ ሥር ነውና።

የተበላሸውን ልዘርዝር። ከውስጥ፣ ከቱቦው አፍ ሥር ነበልባሉን የሚመልሰው 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ በአምስተኛው ወር ሆዱ ወርዶ እንደ ዶማ ጎበጠ፤ በ6 ሚሊ ሜትር ቀየርኩት፣ እስካሁን ቀጥ ብሏል። የበሩን ዙሪያ የሚያሽገው ገመድ ደረቀ። ይህንን የማውቀው በወረቀት ነው፦ ብጣሽ ወረቀት በሩ ላይ ዘግቼ እስባለሁ፣ ከያዘ ደህና ነው፣ ተንሸራቶ ከወጣ ገመዱ ሞቷል። በታችኛው ማጠፊያ በኩል ስምንተኛው ወር ላይ ተንሸራተተ። እሳት ባልነደደባቸው ወራት ደግሞ አመዱን ውስጡ ትቼው እርጥበት ስቦ ወለሉን አዝጎታል። የበር መስታወት ስላልሠራሁለት እሳቱን ለማየት በር መክፈት አለብኝ፣ በከፈትኩ ቁጥር ጭስ ፊቴን ይመታዋል፤ ይህን በጣም እቆጭበታለሁ።

አመዱ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ፣ ደጅ፣ ድንጋይ ላይ ሁለት ቀን ሳይሆን አራት ቀን ይቆያል። በሦስተኛው ቀን በእንጨት ስቆሰቁሰው ረመጡ ሥር ቀይ ፍም አይቻለሁ። ቀለም ማቅጠኛውና ነዳጁ ከጎጆዋ ወጥተዋል፣ የዱቄት እሳት ማጥፊያ በሩ አጠገብ አለ፤ ከምድጃው አጠገብ ቢሆን እሳት ሲነሳ አልደርስበትም። ባላችሁበት አካባቢ በእጅ የተሠራ ምድጃ መትከል የተፈቀደ መሆኑን፣ ኢንሹራንስ ካላችሁም ውሉ ምን እንደሚል ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ፤ አንዳንዱ ቦታ ጨርሶ አይፈቀድም።

ምድጃውን ከ10 ስድስት እሰጠዋለሁ። ያሞቃል፣ ግን በዝቷል፣ ይጎብጣል፣ እሳቱ አይታይም። ሁለተኛውን ተከላ ዘጠኝ። የመጀመሪያውን ተከላ ቁጥር አልሰጠውም።

አሁን ያነሰ ልሠራ ነው፤ 22 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ወፍራም የብረት ቧንቧ ቁራጭ፣ የበር መስታወት ያለው፣ ያውም ተራ ሳይሆን ሴራሚክ። ቧንቧውን ይዤ ስሄድ ጋሼ አገላብጠው አዩት። ሁለቱም ጫፉ ክፍት ነው፣ ቫልቭ የለው፣ ክዳን የለው። ቢሆንም መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ አፍንጫቸውን አስጠግተው አንዴ በዚህ ጫፍ፣ አንዴ በዚያ ጫፍ አሸተቱት።